በስሜ የተጠየቀ ይቅርታ

ማርች 20፣ ሰኞ

በስሜ ይቅርታ ጠየቁ። ሳልጠየቅ፣ ሳልፈርም፣ ሳልሰማ።

ጠዋት እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ጄኔሬተሩ ገና አልተነሳም፣ ሊፍት የለም፣ በእግር ወጣሁ። መብራት ሲመጣ ስክሪኔ ላይ ሰሌዳውን ከፈትኩ። ሰርቨሮቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ነው፣ ሰው መግባት ጀምሯል፣ የጎደለ የለም። ተራ ሰኞ። ከዚያ በሁሉም ስክሪን ላይ የወጣው መልእክት በእኔም ላይ ወጣ።

«ባልደረባችን ሚትሪ ባለፈው ሐሙስ ለደረሰው መቋረጥ ከልቡ ይቅርታ ይጠይቃል። ችግሩን ቀድሞ አይቶ ዝም በማለቱ አዝኗል።» ከሥሩ የሥራ አስኪያጇ የሉባና ስም።

አዝኗል! ሐዘኔን ማን ለካው?

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

የሆነውን እዚህ ላስቀምጠው፤ ነገ ሌላ ታሪክ ሲያወሩ እኔ እንዳልምታታ። ይህ ድርጅት መድኃኒት ላጣ ሰው መድኃኒት ያፈላልጋል። በሽተኛ ይደውላል፣ ሠራተኛው የትኛው ፋርማሲ እንዳለው አፈላልጎ ይነግረዋል። ሠራተኞቹ በየቤታቸው ናቸው፤ ትሪፖሊ፣ ሳይዳ፣ ዛህሌ። በዚህ የቤንዚን ዋጋ ቤይሩት የሚመላለስ ሞኝ የለም። በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ገብተው የሚሠሩበት ዴስክቶፕ ግን ቤታቸው አይደለም ያለው። ባሕር ማዶ በተከራየናቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። አንዱ ሰርቨር የተወሰነ ሰው ይይዛል። ሲሞላ ሌላ ይበራል፣ ሰው ሲቀንስ ይጠፋል። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አለ፦ የገባው ሰው እና የተከፈተው ቦታ። ሥራዬ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ሲጠብ ሰው ውጭ ይቀራል። ሲሰፋ ባዶ ወንበር ተከራይተናል ማለት ነው።

ድሮ የማበራውም የማጠፋውም እኔ ነበርኩ፣ በእጄ። ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ ይህን ከመጽሐፍ ላይ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ከዚያ ኒዛር መጣ። ዲግሪው ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ደንብ ጻፈ፦ ሰው ሲበዛ ራስህ ክፈት፣ ሲያንስ ራስህ ዝጋ፣ ከዚህ ጣሪያ ግን እንዳታልፍ። ለእኔ ምን ቀረኝ? ማየት። ሉባና በጽሑፍ ሰጠችኝ፦ «ሰሌዳውን ይመልከቱ፤ በእጅ እንዳይነኩ።»

አልነካሁም።

ባለፈው ረቡዕ ማታ በግማሹ አገር መብራት ሄደ። ሰዎቹ ሳይወጡ ኮምፒውተራቸው ጠፋ። ሰርቨሩ ላይ ግን እንደተቀመጡ ናቸው፤ ጥላቸው ወንበር ይዟል። ሐሙስ ጠዋት ደንቡ ጥላውን ሁሉ ሰው ብሎ ቆጠረ፣ ጣሪያው ጋ ደረሰ፣ ቆመ። ለሥራ የመጣው ሰው «ቦታ የለም» ተባለ። ስልኩ ይጮሃል፣ የሚያነሳ የለም። እኔስ? ተቀምጬ አየሁ። እንድመለከት ታዝዣለሁ፣ ተመለከትኩ። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ለአባቴ እንኳ ይቅርታ ብዬ አላውቅም። እሱም ለእኔ።

ማርች 21፣ ማክሰኞ

ሉባና ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«ሰርዢው።»

«ምኑን፣ አቡ ነዲም?» እንደ ሁሉም በልጄ ስም፣ የነዲም አባት ብላ ነው የምትጠራኝ።

«ይቅርታውን። የእኔ አይደለም። በወጣበት ስክሪን ላይ፣ ለሁሉም፣ ‘የሚትሪ ቃል አይደለም’ ብለሽ ጻፊ።»

እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ከፈተች፣ እንደገና ከደነች። የታመመ ሰው እንደምታይ አየችኝ።

«ይተዉት እስቲ። ሰው ሁሉ እኮ ወደደልዎት።»

«ልወደድ ነው እዚህ የምመጣው? ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን አስጻፈሽ?»

መስኮቱን ታያለች። መስኮቱ ውጭ የሰው ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ሌላ ምን አለ?

«ስምዎን ከፍ አደረገው እንጂ ዝቅ አላደረገውም» አለች በመጨረሻ።

«ስሜን ማን አውሶሽ ነው ከፍ ዝቅ የምታደርጊው? ስሚኝ። እስክትሰርዢው ድረስ እመለከታለሁ፣ እንዳዘዝሽኝ። ጣቴን አላነሳም። ያየሁትንም አልናገርም።»

«አቡ ነዲም፣ በእግዜር...»

ወጣሁ።

ኒዛር ነው። ሌላ ማን ይሆናል? የደንቡን ጥፋት በሽማግሌ ጀርባ ማራገፍ የሚጠቅመው ለማን ነው?

ማርች 22፣ ረቡዕ

ሲመርቁኝ ዋሉ። ምርቃት እንደዚህ እንደሚያንገሸግሽ አላውቅም ነበር።

ሂያም ከሳይዳ ደወለች። ከሠራተኞቹ ሁሉ አፏ የማያርፍ እሷ ናት።

«አላህ ፊትዎን ያብራው፣ አቡ ነዲም! በዚህ አገር ይቅርታ የሚል ወንድ አይቼ አላውቅም። ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።»

«ምን አለ?»

«‘አርጅቶ ይሆናል’ አለ።»

ባሏ ቢያንስ አእምሮ አለው።

ከሰዓት ኒዛር ወንበሩን ጎትቶ መጣ። «ትልቅ ሰው ነዎት» አለኝ። ዓይኑን አየሁት። አያፍርም! ከዚያ ስለ አዲሱ ሥራው ያወራ ጀመር። ከሐሙሱ በኋላ ደንቡን አጥብቆታል። ማታ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ደንቡ የገባውን ሰው ይቆጥራል። ሰው ከቀነሰ ለቀሩት ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁሉንም አስወጥቶ ሰርቨሩን ያጠፋል።

«ከእንግዲህ ጥላ ወንበር ይዞ አያድርም» አለ እጁን እያፋተገ።

በጥላው ፈንታ ሰው ቢሆንስ? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ዝም አይነቅዝም።

ቤት ስገባ ሚስቴ ኦዴት ምስርና ሩዝ ሠርታ ጠበቀችኝ፣ ሽንኩርቱን እኔ እንደምወደው አጥቁራ። እንጀራችንን አብረን ስንበላ አርባ ዓመት ሊሆነን ነው፤ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። በዚህ ሳምንት ግን በየቀኑ...

«እንዴት ዋልክ፣ ሚትሪ? ተቆጡህ?»

«እኔን ማን ነው የሚቆጣኝ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ወደ ወጥ ቤት ገባች። ምን ነክቷታል?

ማርች 23፣ ሐሙስ

በየዓመቱ ማርች መጨረሻ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ፊት እንገፋለን። ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ዛሬ ከላይ ያሉት፣ መንግሥት ነን የሚሉት፣ «ዘንድሮ ይቆይ፣ ረመዳን ይውጣ» አሉ። የሚጾመው ቀደም ብሎ እንዲያፈጥር ነው አሉ። ይህን ሲሰሙ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ቴሌቪዥኖቹ፣ ግማሹ ትምህርት ቤት «እኛ እንገፋለን» አሉ። ከእሑድ ጀምሮ አንዲት አገር በሁለት ሰዓት ልትኖር ነው። አገሪቱ ደግሞ ከዳር ዳር በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ አትሞላም!

እነሱ ረመዳን፣ እኛ ዓቢይ ጾም። የሁሉም ሆድ ባዶ ነው። በባዶ ሆድ ተነስተው በሰዓት ይጣላሉ።

ሉባና ስብሰባ ጠራች፤ እሷ፣ ኒዛርና እኔ። ኒዛር «ሰርቨሮቹ ሰዓታቸውን የሚያመጡት ከውጭ ነው። እሑድ ራሳቸው ይገፋሉ፣ ደንቡም አብሮ» አለ። ሉባና ራሷን ያዘች። ሠራተኞቿ ግማሹ ከዚያ ወገን፣ ግማሹ ከዚህ ነው።

«አንዱን ሰዓት ብመርጥ ሌላው ‘ለእነሱ አደላች’ ሊለኝ ነው። ነገ ደግሞ ዘመዶቻቸው ይደውሉልኛል። ሁሉም በየሰዓቱ ይግባ፣ በየሰዓቱ ይውጣ።»

ይህ ነው ውሳኔው። በየሰዓቱ! አንድ ድርጅት፣ ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ማታ። ይህን የሚወስን ሰው ከእኛ አገር ሌላ የት ይገኛል?

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ አቡ ነዲም?»

«እኔ ይቅርታ ጠያቂ ነኝ። ይቅርታ ጠያቂ ምክር አይሰጥም።»

ኒዛር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አሁን ብቻዬን ስሆን ልጻፈው። የደንቡ መዝጊያ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰኞ ማታ በአዲሱ ሰዓት አሥራ አንድ ሲሆን በአሮጌው ገና አሥር ነው። በአዲሱ የሚኖሩት ወጥተው ይሄዳሉ። የሰው መስመር ይወርዳል። ደንቡ «ሰው ቀነሰ» ይላል። ያኔ የቀሩትን፣ ገና የአንድ ሰዓት ሥራ ያላቸውን፣ ጥላ ናቸው ብሎ ያባርራል። ኒዛር አላየውም፤ የጻፈውን ረስቶታል። ሉባና ደንቡ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም።

እኔ አየሁት። ልናገር?

ትሰርዘው፣ እናገራለሁ።

ማርች 24፣ ዓርብ

አልሰረዘችም። አልተናገርኩም።

ማርች 25፣ ቅዳሜ

ኦዴት ወንበር ላይ ወጥታ የግድግዳውን ሰዓት ስትገፋ ደረስኩባት።

«ውረጂ። ተይው።»

«ቤተ ክርስቲያን እኮ ግፉ ብላለች።»

«ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው ሰዓት ሠሪ የሆነችው?»

«እና በመንግሥት ሰዓት ልትኖር ነው?»

«መንግሥት አለ እንዴ?»

«ታዲያ በማን ሰዓት ነው የምትኖረው፣ አንተ ሰው?»

«በራሴ።»

«እሺ። የነገውን ምሳ በማን ሰዓት ላቅርብ? ወንድሜ ይመጣል።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «ሲርበን» አልኳት።

ማርች 26፣ እሑድ

የኦዴት ወንድም ኑቁላ ለምሳ መጣ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን በሌላው ናቸው። የእነሱ ልጅ ኳስ ሲያነጥር የኑቁላ የቀትር እንቅልፍ ተበላሸ። «በእነሱ ሰዓት ገና መተኛ ጊዜ አልደረሰም» አለችው ኦዴት። አገር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በፊት፣ ምሳ ላይ፣ ኑቁላ ወይራውን እያላመጠ «ደግ አደረግክ፣ ሚትሪ። ይቅርታ ማለት ወንድነት ነው» አይለኝም!

«አንተ ደግሞ ከየት ሰማህ?»

ወይራው ትን አለው። ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ኦዴትን አየ።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች እሷ፤ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ቀና አላለችም።

«አንቺስ ከየት?»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን! እኔ ጆሮ የለኝም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሰፈሩም ያውቃል። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ለሰፈሩ መብራት የሚሸጠው የጄኔሬተሩ ሰውዬም «ሚትሪ ተንበረከከ» እያሉ ነው ማለት ነው።

ነገ ያያሉ። ነገ ማታ ሉባና ራሷ ሮጣ ትመጣለች። ያኔ ትሰርዘዋለች፣ ሁሉም እያየ።

ማርች 27፣ ሰኞ

መጣች። ሮጣ።

በቅደም ተከተሉ ልጻፍ። 

ጠዋት ሰሌዳው የግመል ጀርባ መሰለ። መጀመሪያ የአዲሱ ሰዓት ሰዎች ገቡ፣ መስመሩ ወጣ። ተኛ። ከዚያ የአሮጌው ሰዓት ሰዎች ገቡ፣ እንደገና ወጣ። ደንቡ እንደታዘዘው ከፈተላቸው። ኒዛር «አያችሁ? ምንም አልሆነም!» እያለ ቢሮውን ዞረው። ደስታው ለከት የለውም። ምሳውን እያፏጨ በላ።

የአዲሱ ሰዓት አሥራ አንድ ሲቃረብ ኒዛር ቦርሳውን አነሳ።

«የእኔ ሰዓት ሞላ፣ አቡ ነዲም። የእርስዎ ገና ከሆነ ይበርቱ።»

ሄደ። እኔ የመጀመሪያው ሲገባ ገብቼ የመጨረሻው ሲወጣ እወጣለሁ። ሁለት ሰዓት ላላት አገር አንድ ዘበኛ።

የሰው መስመር ወረደ፣ ግማሹ ድረስ። የአዲሱ ሰዓት ሰዎች ወጥተዋል። ደንቡ ቆጠረ፣ ደመደመ፣ በየስክሪኑ ላይ ጻፈ፦ «ሥራዎን ያስቀምጡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወጣሉ።»

እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተቀመጥኩ። ለዚህ ነበር ስጠብቅ የነበረው።

መጀመሪያ የጮኸው የሂያም ስልክ ነው።

«አቡ ነዲም፣ ስክሪኑ ውጪ ውጪ እያለኝ ነው! ገና አሥር ሰዓት እኮ ነው!»

«አዎ። አየዋለሁ።»

«የሚያዩት ከሆነ ያስቁሙልኝ! አንድ አባት መስመር ላይ ይዣለሁ። ልጁ የሚጥል በሽታ አለባት፣ መድኃኒቷ አልቋል። ከጠዋት ጀምሬ ፈልጌ ፈልጌ አሁን ነው ያገኘሁት፣ ባለፋርማሲውም በሌላው መስመር እየጠበቀኝ ነው። ቁጥሩም አድራሻውም ሁሉም እዚህ ስክሪን ላይ ነው! ብወጣ ሁለቱም ይጠፉብኛል!»

«ለሉባና ንገሪያት።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሂያም እንዲህ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

«ይህን የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለች።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሌላው ስልክ ጮኸ። ሌላውም። አንደኛው ሰርቨር ሰዎቹን ሁሉ አስወጥቶ ጠፋ፤ ሰሌዳው ላይ ግራጫ ሆነ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ሊዘጋ ነው። ያኔ ሉባና በሩን በትከሻዋ ከፍታ ገባች፣ የአንድ እግሯ ጫማ የለም።

«ሰዎቹን እያባረራቸው ነው! ያስቁሙት!»

«እንዳልነካ ታዝዣለሁ።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ! አሁን ይንኩ እላለሁ!»

«መጀመሪያ ሰርዢው። እዚሁ። ሁሉም እንዲያየው ጻፊ።»

«አቡ ነዲም፣ በሽተኛ መስመር ላይ አለ!»

«እኔም ስም አለኝ።»

ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«የምሰርዘው የእኔ ቃል አይደለም! የኦዴት ነው! ሚስትዎ ናት የመጣችው! መቋረጡ የደረሰ ሐሙስ ያን ጉድ ሠርተው ዝም ሲሉ ላሰናብትዎት ወስኜ ነበር፤ ደብዳቤው ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟንና ቄሱን ሽማግሌ ይዛ መጣች። በእርድ የጋገረችውን ኬክ በነጭ ጨርቅ ሸፍና። እዚያ እኔ ቢሮ ቁጭ ብላ ‘እሱ ይቅርታ ማለት አያውቅም፣ አንደበቱ አልተፈታለትም፤ በእሱ ቦታ እኔ መጥቻለሁ’ አለች። ቃል በቃል የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። እንዳልነግርዎት አስማለችኝ። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ! ደስ አለዎት?»

እጄ ሰሌዳው ላይ ነበር። ደንቡን አቆምኩ። የቀሩትን ሰርቨሮች ከደንቡ እጅ አወጣኋቸው፣ በእጄ ያዝኳቸው። የጠፋውን መልሼ አበራሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሂያም ዴስክቶፕ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ነበር። አልወጣችም።

የመጀመሪያው ላይ የነበሩት ግን ወጥተዋል። ማን ምን መድኃኒት እየጠበቀ ነበር? ማን ላይ ነው ስልክ የዘጋሁት? ከስብሰባው፣ ከሐሙስ ጀምሮ አውቀው ነበር... ከሐሙስ ጀምሮ።

ሰባ ሊሞላኝ ነው። ሚስቴ ቄስ ይዛ፣ ኬክ ተሸክማ፣ ያን ሁሉ ደረጃ በእግሯ ወጣች። ጉልበቷ ያማታል።

ማርች 28፣ ማክሰኞ

ኒዛር ጠዋት ሲመጣ ፊቱ አመድ ነው፤ ሰምቷል።

«እንዴት አላየሁትም? እንዴት አላየሁትም?» ይላል፣ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ።

«እኔ አይቼው ነበር» አልኩት። «ሐሙስ ስብሰባው ላይ። አይቼ ዝም አልኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አኩርፌ።»

ዲግሪው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ይቅርታውን ያስጻፈው ኒዛር ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ስረግመው ነበር። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ሲያፏጭ ግን አሁንም ይገለኛል።

ትናንት ከወጡት ጋር ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ፤ በስልክ፣ አንድ በአንድ። የትኛው በሽተኛ ተቋረጠ፣ ቁጥሩ አለሽ ወይ፣ መልሶ ደውሏል ወይ። አብዛኞቹን አገኘናቸው። አንዲት ሴትዮ ከአካር ደውላ ነበር፤ ለባሏ የልብ መድኃኒት። ቁጥሯ አልተመዘገበም፣ መልሳም አልደወለችም። ስሟን እንኳ አናውቅም። በየሰዓቱ እጠይቃለሁ። የለችም።

ማታ ሉባና ጠራችኝ። ትናንት የመታችውን መዳፏን ታሻለች።

«ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከፈለጉ አሁን እጽፋለሁ። ‘የሚትሪ ቃል አይደለም’ እላለሁ። ለሁሉም።»

ይህን ቃል ስንት ቀን ጠበቅኩት! እነሆ በእጄ ገባ።

«ተይው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የእኔ ነው። ሰው ቢጠይቅሽም የእኔ ነው በይ። እንደነገርሽኝ ለኦዴት እንዳትነግሪያት።»

«አሁንም ሌላ መሐላ!» አለች። ልትስቅ ነበር። ፊቴን ስታይ ተወችው።

ማርች 29፣ ረቡዕ

ከላይ ያሉት አሳባቸውን ቀየሩ። ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ሁሉም ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል ተባለ። አገር አንድ ሆነች፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ። ያዘዙትም፣ እምቢ ያሉትም «አሸነፍን» እያሉ ነው። ምን እንዳሸነፉ ግን የሚያውቅ የለም።

ኦዴት ወንበሯን ግድግዳው ሥር አቆመች። እንዳትወጣ ከለከልኳትና እኔ ወጥቼ ገፋሁት። አፏን ይዛ አየችኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ምን ልሁን? ሰዓት ነው።»

እራት ላይ እንዲያው፣ ሳላስብ፣ «ያን የእርድ ኬክ ከጋገርሽ ቆየሽ» አልኩ። ማንኪያዋ ሳህኑ ላይ ወደቀ።

«የቱን... እሱን እኮ ለኑቁላ...» ጀመረች፣ ከዚያ ጨው ልታመጣ ተነሳች። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ምነው አፌን በቆረጠው! ሰባ ዓመት ተናግሬ መቼ ዝም እንደምል አልተማርኩም። ደግሞ ዝም ማለት ያውቃል ይሉኛል።

ማርች 30፣ ሐሙስ

ሰሌዳው ዛሬ አንድ ጉብታ ብቻ ነበረው። ሁሉም አብሮ ገባ፣ አብሮ ወጣ። ደንቡ እንዳለ ነው፤ ያበራል፣ ያጠፋል። ኒዛር ግን የማስወጣቱን ነገር ከውስጡ አጠፋው። ሰው ካለ ደንቡ ማንንም ሳያባርር እኔን ይጠይቃል። ሉባና አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ፦ «ይመልከቱ፤ ሲያስፈልግ ይንኩ፤ ያዩትን ይናገሩ።» የመጨረሻውን ከሥሩ አስምራበታለች። ሰው በዚህ ዕድሜው ተናገር ተብሎ በጽሑፍ ይታዘዛል?

ተናገርኩ ግን። ጠዋት ጣሪያው ለሰኞ እንደማይበቃ ነገርኳቸው። ኒዛር ጻፈው። ምንም አላለም፣ ጻፈው ብቻ።

ከአካር የደወለችው ሴትዮ ዛሬም አልደወለችም።

ሂያም ልጅቷ መድኃኒቷን እንዳገኘች ልትነግረኝ ደወለች። ደስ ብሏታል፣ ትንሽ ግን ቀዝቀዝ ብላለች። ልትዘጋ ስትል «ሰኞ ዕለት እርስዎን አላወቅኩዎትም» አለችኝ። ምን ልበላት? «በርቺ» አልኳት።

ማታ ኦዴት አጠገቤ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው። የጨርቁን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ሚትሪ፣ ያ መልእክት... ያ የወጣው...»

«የቱ መልእክት?»

«ያ የይቅርታው።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ምን ሆነ?»

አየችኝ፣ ረጅም። ከዚያ ቴሌቪዥኑን መልሳ ጨመረችው።

አለቀ። ይህን ነገር ከእንግዲህ አላነሳውም። ኑቁላ ቢጀምረኝ እነሳለሁ፣ ሉባና ብትጀምረኝ እወጣለሁ። ለኦዴት አላነሳባትም፤ ስንጣላም፣ ስንታረቅም፣ አልጋ ይዤ ብንሰነባበትም። እዚህም አልጽፈውም።